በ4ዲ ሲቲ የእጅ አንጓ አጥንቶችን እንቅስቃሴ መለካት፦ ሉኔት መሃል ላይ ለምን ይዘላል?

ፍሬም ቆጣሪ

ሰላም ለቤቱ። የእጅ አንጓ እየተንቀሳቀሰ በ4ዲ ሲቲ (ተከታታይ የ3ዲ ምስል በሚያነሳ ሲቲ ስካን) ተነስቶ የአጥንቶቹን እንቅስቃሴ በቁጥር እያወጣን ነው፤ አንድ ነገር ግን አልጨበጥ ብሎናል።

ማሽኑ 320 ረድፍ ዲቴክተር አለው፤ አንድ ዙር 0.35 ሰከንድ፣ 80 ኪሎቮልት። ጠረጴዛው ቆሞ፣ እጁ ከአውራ ጣት ጎን ተነስቶ ወደ ትንሿ ጣት ጎን በ8 ሰከንድ ውስጥ 50 ዲግሪ ያህል ይሄዳል። በየ0.5 ሰከንዱ አንድ ቮልዩም (ሙሉ የ3ዲ ምስል) እያወጣን 16 ፍሬም አግኝተናል፤ ስላይሱ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ በፊት እጁ ሳይንቀሳቀስ የተነሳ ጥርት ያለ ስካን አለ። በእሱ ላይ ራዲየስን (በአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት)፣ ከአንጓው አጥንቶች ስካፎይድን፣ ሉኔትንና ካፒቴትን፣ እንዲሁም ሦስተኛውን ሜታካርፓል (የመሃል ጣትን የመዳፍ አጥንት) በ3ዲ ስላይሰር ፕሮግራም ለይተን፣ እያንዳንዱን አጥንት ከየፍሬሙ ጋር በአይሲፒ (ቅርብ ነጥቦችን እያጣመረ ሁለት ገጾችን በሚያገጣጥም ስሌት) አጋጠምን።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሉኔት ከራዲየስ አንጻር ወደ መዳፍና ወደ እጅ ጀርባ የሚታጠፍበት ማዕዘን እስከ 6ኛው ፍሬም ለስላሳ ሆኖ ይመጣና 7፣ 8 እና 9 ላይ 6 ዲግሪ ያህል ይዘላል፤ 10 ላይ ተመልሶ መስመሩን ይይዛል። የአይሲፒው አማካይ ቀሪ ርቀት በየትኛውም ፍሬም ከ0.4 ሚሊሜትር አይበልጥም። በተጨማሪም በስካፎይድና በሉኔት መካከል ያለው ትንሹ ርቀት ከ1.6 ተነስቶ መጨረሻው ላይ 2.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ይሄ የተጎዳ ጅማት ነው ወይስ የእኛ ጥፋት?

ማትሪክስ

በጅማቱ ከማሳበባችሁ በፊት ሦስት ነገር ንገሩን። ስካፎይድና ካፒቴትም በእነዚያው ፍሬሞች ዘልለዋል? ሉኔትን ከራዲየስ ሳይሆን ከካፒቴት አንጻር ብታሰሉት ዝላዩ ይቀራል? 8ኛው ፍሬም ውስጥ ስንት ሚሊሜትር ራዲየስ አለ?

ፍሬም ቆጣሪ

ሁለቱም ዘልለዋል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በተቀራራቢ መጠን። ከካፒቴት አንጻር ሲሰላ መስመሩ ንጹህ ነው። ራዲየሱን በተመለከተ፣ ዶዝ (የጨረር መጠን) ለመቆጠብ ሽፋኑን (በአንዴ የሚነሳውን ርዝመት) ከ16 ወደ 8 ሴንቲሜትር አጥብበን መሃሉን የካፒቴት ወገብ ላይ አድርገናል፤ ስለዚህ በአብዛኛው ፍሬም 15 ሚሊሜትር ገደማ፣ 8ኛው ላይ ደግሞ 12 ብቻ ነው የሚታየው።

ማትሪክስ

እንግዲያው ሉኔት አልዘለለም። ፎቶ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ያዘነበለው ካሜራው ነው። የእናንተ ካሜራ ራዲየስ ነው፤ የሁሉም አጥንት ማዕዘን በእሱ ተካፍሎ ስለሚወጣ የእሱ ስህተት ሳይቀነስ ወደ ሁሉም ይተላለፋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 15 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጉቶ አንድ ጫፉ ላይ በ1.5 ሚሊሜትር ከተሳሳተ ማዘንበሉ 5.7 ዲግሪ ነው። ያው ስህተት 40 ሚሊሜትር ላይ 2.1 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። የእናንተ 6 ዲግሪ ከየት እንደመጣ ታየ ማለት ነው።

ቀሪው ርቀት ትንሽ መሆኑ አያጽናና። የአጥንቱ ግንድ ከሲሊንደር ብዙ አይለይም፤ ቀለበት ጣት ላይ እንደሚዞረው ሞዴሉ በራሱ ላይ ተንሸራቶ፣ ዞሮ፣ ትንሽም አዘንብሎ ርቀቱ ሳይጨምር ሊቀመጥ ይችላል። ራዲየስን የሚቆልፉት ጎላ ያሉ ቅርጾቹ ናቸው፦ ጫፉ ላይ ያለው ሹል ስታይሎይድ፣ በጀርባው ያለው የሊስተር ጉብታ፣ አልና (ሌላው የክንድ አጥንት) የሚያርፍበት ጎድጓዳ። እነሱ ደብዘዝ ካሉ ወይም በቮልዩሙ ዳር ከተቆረጡ የቀረው ግንዱ ነው።

አሁን የምታደርጉት፦ ከስታቲክ ስካኑ ያወጣችሁት የራዲየስ ሞዴል ምናልባት 60 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፣ ፍሬሙ ውስጥ ያለው ግን 12። ነጥቦቹ ከሞዴል ወደ ፍሬም የሚፈላለጉ ከሆነ የትርፉ 48 ሚሊሜትር ነጥቦች ሁሉ ተጓዳኝ ፍለጋ ወደ ተቆረጠው ጠርዝ ይጎተታሉ። አቅጣጫውን ገልብጡት፤ ከፍሬሙ ነጥብ ተነስቶ ሞዴሉ ላይ ይፈለግ። በየፍሬሙ የተቆረጠውን ፊት ነጥቦች አውጡ፤ በእያንዳንዱ ዙር ከሁሉ የራቁትን 20 በመቶ ጥንዶች ጣሉ። የመነሻ ግምቱ የቀደመው ፍሬም ውጤት ይሁን እንጂ ከዜሮ አትጀምሩ።

ከተቻለ ግን አይሲፒን ለመጨረሻ ማጣሪያ እንኳ አትጠቀሙበት። በግሬይ እሴት (በምስሉ ነጥቦች የብሩህነት መጠን) ማጋጠም ይሻላል፦ ከስታቲክ ስካኑ የአጥንቱን ምስል በ3 ቮክስል (የ3ዲ ምስል ነጥብ) ሰፋ ባለ ጭንብል ቆርጣችሁ ፍሬሙ ላይ በኖርማላይዝድ ክሮስ ኮሪሌሽን (የሁለት ምስሎችን መመሳሰል በሚለካ ስሌት) አጋጥሙ። ጥቅሙ ፍሬሞቹን ሴግመንት ማድረግ (አጥንቱን ከምስሉ ለይቶ ማውጣት) አለመፈለጉ ነው። ስካፎይድና ሉኔት ተጠግተው ትሬሾልዱ (አጥንትን በብሩህነት የሚለየው ወሰን) አንድ አጥንት ሲያደርጋቸው የሚጠፋው ሰዓት ይቀራል። ሁለቱ ስካኖች ግን በአንድ ዓይነት ከርነል (ምስሉ ሲሠራ በሚገባ ማጣሪያ) ይሠሩ፤ የአጥንት ከርነል ጠርዙን ከእውነቱ በላይ ያደምቀዋል፣ ለስላሳው ያፈዝዘዋል፤ ቀላቅሎ ማጋጠም ላይ ላዩን የማይታይ አድልዎ ያመጣል።

ሲቲ ክፍል

ለምን 7፣ 8 እና 9 ላይ ብቻ? መልሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጅ ከዳር ተነስቶ ዳር ላይ ሲቆም ፍጥነቱ እኩል አይደለም፤ መሃል ላይ ይከንፋል። አማካዩ 6.25 ዲግሪ በሰከንድ ነው፤ እንቅስቃሴው እንደ ፔንዱለም ከሆነ መሃል ላይ 1.57 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ከመዞሪያው ማዕከል 30 ሚሊሜትር የራቀ ነጥብ በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሚሊሜትር ይሄዳል። ግማሽ ዙር 0.175 ሰከንድ ስለሆነ አንድ ምስል እስኪሞላ ነጥቡ 0.9 ሚሊሜትር ተጉዟል። በ0.5 ሚሊሜትር ስላይስ ላይ ይሄ ድርብ ጠርዝ ሆኖ ይታያል።

ግን ራዲየስ ቆሞ መቆየት ነበረበት። 15 የነበረው 12 ከሆነ ክንዱ 3 ሚሊሜትር ተስቧል፤ አልታሰረም ወይም የታሰረው ክርኑ ጋ ብቻ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰውየው በሆዱ ተኝቶ ክንዱን ከራሱ በላይ ይዘረጋል፣ ፊቱን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል። ከክንዱ ሥር እስከ አንጓው 5 ሴንቲሜትር እስኪቀረው ድረስ ጠንካራ ፎም፤ በላዩ ሁለት ሰፋፊ ቬልክሮ፣ አንዱ ከክርን በታች፣ ሌላው ከፎሙ ጫፍ ዘንድ። ከፎሙ ጫፍ ዘንድ ያለው ማሰሪያ ነው ዋናው። መዳፉ ለስላሳ አክሪሊክ ሰሌዳ ላይ ይንሸራተት፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት የፕላስቲክ ማቆሚያ ይለጠፍ፣ አንዱ በአውራ ጣት ጎን፣ አንዱ በትንሿ ጣት ጎን። ብረት የለም፤ ቀለበትና አምባርም ይውለቅ።

ሜትሮኖም በስልክ 60 ምት በደቂቃ ይከፈት፤ ከዳር ዳር 8 ምት። ጨረር ሳይበራ 5 ጊዜ ይለማመድ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ በ3 ምት ጨርሶ ቀሪውን ቆሞ ይጠብቃል፣ ያኔ ግማሹ ፍሬም አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል። እጁ ደግሞ የጋንትሪው (የማሽኑ ቀለበት) ማዕከል ላይ ይሁን፤ ከማዕከሉ 8 ሴንቲሜትር ወጣ ካለ በሽፋኑ ዳርቻ ያለው ራዲየስ ከኮን ቅርጹ የተነሳ ጎኑ ይሸረፋል።

ዶ/ር መዳፍ

ስለ ክፍተቱ ልመልስ። የምናውቀው 3 ሚሊሜትር የሚለው ወሰን ከፊት በተነሳ ተራ ራጅ ላይ፣ በመገጣጠሚያው መሃል የሚለካ ነው። እናንተ የምታሰሉት በሁለት ሦስት ዳይሜንሽን ገጾች መካከል ያለውን ትንሹን ርቀት ነው። ሁለቱ አይነጻጸሩም፤ ትንሹ ርቀት በተፈጥሮው ከመሃል ልኬት ያንሳል፣ ፍሬም በፍሬምም ከጀርባ ወደ መዳፍ ጎን ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ ስካፎይድ ላይ በስታቲክ ስካኑ ሦስት ቋሚ ቦታ ምረጡ፣ የጀርባ፣ የመሃልና የመዳፍ ጎን፤ በየፍሬሙ ከእነዚያ ነጥቦች ብቻ ለኩ። የጀርባው ጎን ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ የጅማቱ ጠንካራ ክፍል እዚያ ነው።

ከ1.6 ወደ 2.4 መስፋት ብቻውን ምንም አይበይንም። ሌላውን እጅ በዚያው አሠራር አንሱና አነጻጽሩ። በተፈጥሮው ላላ ያለ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ሁለቱም እጁ ላይ ያሳያል።

ማዕዘኑን በተመለከተ ደግሞ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ምልክቱን ፈትሹ። እጅ ወደ አውራ ጣት ሲያዘነብል የላይኛው የአንጓ አጥንቶች ረድፍ (ለራዲየስ የቀረበው)፣ በተለይ ስካፎይድ፣ ወደ መዳፍ ይታጠፋል፤ ወደ ትንሿ ጣት ሲሄድ ወደ እጅ ጀርባ ይቀለበሳል። ግራፉ የተገላቢጦሽ ካሳየ ሕመም ሳይሆን የመደመርና መቀነስ ምልክት ስህተት ነው። በስካፎይድና በሉኔት መካከል ያለው ማዕዘን ከጎን በተነሳ ራጅ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ነው፤ ሉኔት ወደ ጀርባ ተቀልብሶ ይሄ ከ70 ካለፈ ሊንሻይድና ዶቢንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1972 እ.ኤ.አ. ዲሲ (DISI) ብለው የሰየሙት ዓይነት አለመረጋጋት ይጠረጠራል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሁላችሁም ምስሉ እንዳይደበዝዝ ቀስ በሉ ትላላችሁ። የምፈልገው «ቀጭ» የሚለው ዝላይ ግን ቀስ ሲባል ይጠፋል። ስካፎይድ ከቦታው ወጥቶ የሚመለሰው በጭነትና በፍጥነት ነው።

ሲቲ ክፍል

ዶክተር፣ እውነትዎን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስካን ማግኘት አይቻልም። ፍጥነቱን ትተው ጭነቱን ይያዙ። ሰሌዳው ይቅርና ታካሚው የፎም ኳስ ጨብጦ፣ በጡጫ እንደያዘ ወደ ትንሿ ጣት ያዘንብል። ዝላዩ በየትኛው ማዕዘን እንደሚመጣ አስቀድመው በፍሎሮስኮፒ (በቀጥታ በሚታይ የራጅ ቪዲዮ) ካዩት ደግሞ ሙሉውን 50 ዲግሪ መጥረግ አያስፈልግም፤ በዚያ አካባቢ 15 ዲግሪ በ8 ሰከንድ ይበቃል። ባለሁለት ቱቦ ማሽን ያለው ሰው ተጨማሪ ዕድል አለው፤ 0.25 ሰከንድ በሚዞረው ላይ የጊዜ መስኮቱ 66 ሚሊሰከንድ ነው፣ ድብዘዛው ከ0.9 ወደ 0.35 ሚሊሜትር ይወርዳል። ሽፋኑ ግን ጠባብ ነው።

ዶ/ር መዳፍ

ተስማማን። መዶሻ አንስቶ እንደመምታት ያለውን ሰያፍ እንቅስቃሴ ግን ለዚህ ፍለጋ አትምረጡት። በእሱ ጊዜ ሥራው በሁለቱ ረድፎች መካከል ስለሚሆን ስካፎይድና ሉኔት ከራዲየስ አንጻር ብዙም አይነቃነቁም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለማለማመድ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሚዛን

ስለ ዶዝ ማንም አልጠየቀም፣ ስለዚህ እኔ ላንሳው። ጠረጴዛው ስለማይንቀሳቀስ እያንዳንዱ ዙር ያንኑ ቆዳ ነው የሚመታው። 8 ሰከንድ ለ0.35 ሲካፈል 23 ዙር ነው። አንዱ ዙር 2 ሚሊግሬይ ቢያሳይ ጠቅላላው 46 ይሆናል። ቆዳ መቅላት የሚጀምርበት ገደማ 2000 ስለሆነ በዚያ በኩል ስጋት የለም፤ አዋቂ ሰው እጁ ላይ ቀይ መቅኔ ስለሌለው ለመላው አካል የሚሰላው ዶዝም ትንሽ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በ16 ወይም በ32 ሴንቲሜትር ፋንተም (የሰው አካል ምትክ በሆነ መለኪያ) የተሰላ ነው። 6 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው አንጓ የሚቀበለው ከዚያ ይበልጣል። የትኛው ፋንተም እንደሆነ ሳይጻፍ ቁጥር አታስተላልፉ።

ጭንቅላቱ ነው የሚያሳስበኝ። ክንዱ በደንብ ካልተዘረጋ የዓይን ሌንስ ለተበታተነው ጨረር ይቀርባል። ትከሻው የማይፈቅድለት ሰው ከጋንትሪው ጀርባ ተቀምጦ የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ ክንዱን ብቻ ያስገባ።

ሌላ ነገር፣ ጨረሩ ሳይቋረጥ ከበራ በየ0.1 ሰከንዱ ፍሬም ማውጣት ይቻላል፣ ዶዝ አይጨምርም። ግን 80 ፍሬም አገኘሁ ብላችሁ እንደ 80 ልኬት አትቁጠሩት፤ ጎረቤታም ፍሬሞች ግማሽ ዳታቸውን ይጋራሉ።

64 ረድፍ

እኛ ጋ ያለው 64 ረድፍ ነው፣ ጠረጴዛው ቆሞ የሚሸፍነው 4 ሴንቲሜትር። ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው?

ማትሪክስ

ለ4ዲ አይመከርም። 4 ሴንቲሜትር ውስጥ የላይኛው ረድፍ፣ የካፒቴት ራስና አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ራዲየስ ይገባል፤ ከላይ ያየነው የጉቶ ችግር ነው የሚጠብቃችሁ። ጠረጴዛውን ወዲያ ወዲህ እያመላለሱ ማንሳትም የእጁን ላይኛና ታችኛ ክፍል በተለያየ ሰዓት ስለሚያነሳ አጥንቱን ያጣምመዋል።

የደረጃ በደረጃ ዘዴ ግን አለ፣ ከ4ዲ በፊትም ብዙው የአንጓ ጥናት የተሠራው በእሱ ነው። በ10 ዲግሪ ልዩነት የተቆረጡ የእንጨት ሽብልቆች አዘጋጁ፤ ከአውራ ጣት ጎን 20 እስከ ትንሿ ጣት ጎን 30 ድረስ 6 አቀማመጥ ይሆናል። በየአንዱ ላይ እጁ ዝም ብሎ፣ በዝቅተኛ ሚሊአምፒር፣ 10 ሴንቲሜትር ሄሊካል ስካን (ጠረጴዛው እየሄደ የሚነሳ)። አጥንቱ ጥርት ያለ፣ ራዲየሱ ረጅም ነው። የምታጡት ሁለት ነገር ነው፦ ጡንቻ እየሠራ ያለው ጭነት፣ እና በሄደበትና በተመለሰበት መንገድ መካከል ያለው ልዩነት።

ዶ/ር መዳፍ

ኤምአርአይስ?

ማትሪክስ

ጨረር የለውም፣ ጅማቱንም ያሳያል፤ ነገር ግን በእንቅስቃሴ ላይ በግማሽ ሰከንድ ገደማ አንድ ስላይስ ነው የሚሰጠው። ስካፎይድ በሦስት አቅጣጫ ሲዞር ከስላይሱ ይወጣል፤ ዓይን ያየዋል፣ ልኬት ግን አይሆንም። በ3 ቴስላ ላይ ደግሞ ለዚህ የሚመረጠው ፈጣን ሲኩዌንስ (የአነሳስ ዘዴ) ጥቁር መስመሮች ይጥላል።

ሰያፍ

አንድ ሰው ከመጠየቁ በፊት፦ ለማዕዘኑ የኦይለር ቅደም ተከተል (ሦስት መዞሮችን በተራ መቁጠር) ትታችሁ የሄሊካል ዘንግ (አጥንቱ የሚዞርበት አንድ መስመር) ተጠቀሙ። ንጹህ ነው፣ ከቅደም ተከተል ነጻ ነው።

ማትሪክስ

ከጎረቤት ፍሬም ወደ ፍሬም ካሰላችሁት ግን ቆሻሻ ነው። እጁ በአንድ ፍሬም 3 ዲግሪ ይሄዳል፣ ሉኔት ከዚያም ያንሳል፤ የማጋጠም ስህተቱ 1 ዲግሪ ሲሆን ዘንጉ ወደፈለገበት ይጠቁማል። ቢያንስ 5 ዲግሪ የተሽከረከሩ ጥንዶችን ብቻ ውሰዱ። የመዞሩ መጠን ብቻ ከተፈለገ የማትሪክሱን ሦስት የሰያፍ ቁጥሮች ደምራችሁ አንድ ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ የተገላቢጦሽ ኮሳይኑን ውሰዱ።

ለሐኪም ሪፖርት ግን መታጠፍና ማዘንበል ተለያይቶ ነው የሚነበበው። ለዚያ ዓለም አቀፉ የባዮሜካኒክስ ማኅበር በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የራዲየስ መጋጠሚያ ሥርዓት ተከተሉ። ዜሮው ሦስተኛው ሜታካርፓል ከራዲየስ ጋር ትይዩ የሆነበት ፍሬም ይሁን፤ «ታካሚው እጁን ቀጥ ያደረገበት» አይደለም። ግራ እጅ ከሆነ ከመጀመሪያው አንጸባርቁት።

ዶክተሩ ያነሱት የምልክት መገልበጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ዳይኮም (የሕክምና ምስሎች የፋይል ዓይነት) ውስጥ ኤክስ ወደ ታካሚው ግራ፣ ዋይ ወደ ጀርባው ያድጋል። ስላይሰር በውስጡ ወደ ቀኝና ወደ ፊት ይቆጥራል። ትራንስፎርሙን ከስላይሰር፣ የአጥንቱን ገጽ ከሌላ ፕሮግራም ካመጣችሁ ሁለት ዘንግ ተገልብጦ ይገባል፤ ርቀቱ ልክ ስለሚሆን ማንም አይነቃም።

ሰያፍ

በ5 ዲግሪው ተረትቻለሁ።

ብሎን 10

ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ማሽኑንና ኮዱን ያለ ሰው ፈትሹ። ከሥጋ ቤት የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንቶች አምጡና ቀቅላችሁ አጽዱ፤ ትልቅነታቸው ለአንጓ አጥንቶች ይቀርባል። አንዱን በፕላስቲክ ሳጥን ግርጌ በሙጫ ለጥፉ፤ ይሄ የእናንተ ራዲየስ ነው። ሌላውን ተንሸራታች የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ለጥፉና ሰሌዳውን በ10 ቁልፍ ብሎን፣ ማለትም በኤም6፣ ግፉት። የኤም6 መደበኛ ጥርስ እርከኑ 1 ሚሊሜትር ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊሜትር ነው። ብሎኑ ከጨረሩ መስክ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ አለዚያ የብረት ጥላው ይበላችኋል። ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ይሞላ፤ በአየር ውስጥ ያለ አጥንት ከእውነቱ የቀለለ ፈተና ነው። የአየር አረፋ አጥንቱ ቀዳዳ ውስጥ እንዳይቀር አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት።

በየዙሩ ቆማችሁ አንሱ፣ ከዚያ እያሽከረከራችሁ አንሱ። ቆሞ ሲነሳ 1 ሚሊሜትሩን ያላገኘ ኮድ ጥፋቱ ማጋጠሙ ላይ ነው። ቆሞ አግኝቶ ሲንቀሳቀስ የሳተ ግን ፍጥነቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ሲገፋና ሲመለስ የብሎኑ ልልነት ልዩነት ስለሚያመጣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለኩ።

ማትሪክስ

ጥሩ ነው። በሰው እጅ ላይ ደግሞ ፋንተም ሳያስፈልግ የሚገኝ ፈተና አለ። ካፒቴትና ሦስተኛው ሜታካርፓል አንዱ በሌላው ላይ እምብዛም አይነቃነቁም። በየፍሬሙ የሁለቱን አንጻራዊ መዞር አስሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ከሞላ ጎደል የስህተታችሁ ልክ ነው። እሱ 2 ዲግሪ ከሆነ በሉኔት ላይ የ2 ዲግሪ ግኝት አትዘግቡ።

ፍሬም ቆጣሪ

የተባለውን አደረግን። የራዲየስ ሞዴሉን ከፍሬሙ ወደ ሞዴል አጋጥመን፣ የተቆረጠውን ፊት አውጥተን፣ 20 በመቶውን ስንጥል ዝላዩ ከ6 ወደ 2 ዲግሪ ወረደ። በግሬይ እሴት ስንደግመው 1 ዲግሪ ገደማ ቀረ፣ እሱም 8ኛው ፍሬም ላይ ብቻ። ካፒቴትና ሜታካርፓል መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት 0.9 ነው፣ ያውም 8ኛው ላይ። ክፍተቱ ከቋሚ የጀርባ ነጥብ ሲለካ ከ1.9 ወደ 2.2 ብቻ ነው የሚሄደው። ሌላኛው እጅ ገና አልተነሳም።

8ኛውን ፍሬም እንጣለው ወይስ ከ7 እና ከ9 መካከል እንሙላው?

ማትሪክስ

አትሙሉት። ጨረሩ ሳይቋረጥ ከበራ ጥሬ ዳታው ማሽኑ ላይ ሳይሰረዝ 8ኛውን በ0.1 ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሳችሁ አምስት ጊዜ አውጡት፤ ክንዱ የተሳበበትን ቅጽበት ያመለጠ አንዱ ይገኛል።

ሲቲ ክፍል

ጥሬ ዳታ በብዙ ማሽን በራሱ ይሰረዛል፣ አንዳንዱ ላይ በቀናት ውስጥ። ዛሬውኑ ቆልፉት። ሌላኛውን እጅ ስታነሱ ሽፋኑን ወደ 12 ሴንቲሜትር ክፈቱና መሃሉን ካፒቴት ራስ ላይ አድርጉ፤ 4 ሴንቲሜትር ራዲየስ ያለ ጭንቀት ይገባል።

ሚዛን

12 ሲከፈት በአንድ ነጥብ ላይ ያለው ዶዝ ብዙም አይለወጥም፤ የሚያድገው የሚመታው ርዝመት ነው። ለተቆጠበው 4 ሴንቲሜትር ስካኑን መድገም ግን 23 ዙር እንደገና ነው።